የየሬቫን ሙዚየሞች፦ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቆይ

አርሜኒያ ስፋቷ 30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ነዋሪዋም 3 ሚሊዮን ገደማ የሆነ፣ የባሕር በር የሌላት ተራራማ አገር ናት። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ የተሰበሰበው ቅርስ ግን ከአገሪቱ ስፋት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ዋና ዋናዎቹ ሙዚየሞች በዋና ከተማዋ በየሬቫን ውስጥ በእግር ወይም በአጭር የታክሲ መንገድ የሚደረስባቸው በመሆናቸው፣ ጥቂት ቀናት ብቻ ያለው ጎብኚም ቢሆን አብዛኞቹን አይቶ ሊመለስ ይችላል። እኔ እነዚህን ቤቶች የምመዝናቸው በአንድ መስፈርት ነው፤ ይኸውም ዕቃውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከማስቀመጥ አልፈው፣ ያ ዕቃ ከስንት እጅ አምልጦ እዚያ እንደደረሰ ለጎብኚው ምን ያህል ያስረዳሉ የሚል ነው። በአርሜኒያ ከቀረው የጠፋው ስለሚበልጥ፣ የቀረው ሁሉ የመትረፍ ታሪክ አለው፤ ይህን ታሪክ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚያሳይ ሙዚየም ብዙ ዕቃ ካለው ሙዚየም ይበልጥብኛል።

በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ማቴናዳራን ነው፤ ጉብኝትም ከእርሱ ቢጀመር ይሻላል። ሙሉ ስሙ የመስሮፕ ማሽቶጽ የጥንታዊ ብራና መጻሕፍት ተቋም የሆነው ይህ ቤት፣ በማሽቶጽ ጎዳና ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ፣ በአርክቴክት ማርክ ግሪጎርያን ንድፍ ከግራጫ ድንጋይ የታነጸና በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጠናቀቀ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከደጁ ማሽቶጽ ተቀምጦ፣ ደቀ መዝሙሩ ኮርዩንም ከፊቱ ተንበርክኮ የሚታዩበት ሐውልት አለ፤ በአጠገባቸውም ማሽቶጽ በ405 ዓ.ም. ገደማ ያዘጋጃቸው 36 የአርመን ፊደላት በድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ እዚህ ቆም ማለቱ አይቀርም። የእኛን «ሀ» የመሰለ ፊደል አለ፤ የእኛን «በ» የመሰለም አለ፤ ሲነበቡ ግን የመጀመሪያው «ስ»፣ ሁለተኛው «ቮ» ነው። በአርመንና በግዕዝ ፊደላት መካከል ዝምድና አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር በሊቃውንት ዘንድ አልተቋጨምና እዚህ አልገባበትም፤ ጎብኚው ግን የራሱን ቋንቋ የሚያነብ መስሎት ለአፍታ መታለሉ እርግጥ ነው።

ማቴናዳራን ወደ 23,000 የሚጠጉ ብራናዎችና የብራና ቁርጥራጮች የሚጠበቁበት ሲሆን፣ ስብስቡም በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መዘክር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለሕዝብ የሚታየው ከዚህ እጅግ ጥቂቱ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ጎብኚዎች አሉ፤ እኔ ግን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ዓይን ሳይደክም ሊታይ የሚችለው ልክ ይህን ያህል ነው ባይ ነኝ። ከሁሉ የሚልቀው ከ1200 እስከ 1202 ባሉት ዓመታት የተጻፈው የሙሽ ድርሳን ነው። ክብደቱ 28 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቅጠል የአንድ ጥጃ ቆዳ እንደፈጀ ይነገራል። ገና በተጻፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወራሪዎች እጅ ወድቆ፣ የሙሽ አካባቢ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ዋጁት። አርመኖች በጠላት እጅ የገባን መጽሐፍ «ምርኮኛ» ይሉታል፤ ገንዘብ ከፍሎ ማስመለስንም ልክ ሰውን ከምርኮ እንደማስለቀቅ ያዩታል። ዛሬ በምሥራቅ ቱርክ የሚገኘው የሙሽ አርመኖች በ1915 በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ሲጨፈጨፉ፣ ሁለት ሴቶች ይህን መጽሐፍ በተዘረፈው ገዳም ውስጥ አገኙት ይባላል፤ ለአንድ ሰው ሸክም የሚቻል ስላልነበረ ለሁለት ከፍለው እኩል ተካፈሉት። አንደኛዋ የድርሻዋን ይዛ የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ወደሆነው ወደ ኤጭሚያጺን ደረሰች። ሁለተኛዋ በመንገድ ሞተች፤ ከመሞቷ በፊት ግን የያዘችውን በኤርዙሩም በሚገኝ ገዳም ቅጽር ቀብራው ስለነበር፣ በኋላ አንድ የጦር መኮንን አግኝቶት ሁለቱ ክፍሎች እንደገና ተገናኙ። ከዚህ ግዙፍ መጽሐፍ ጋር በ1434 የተጻፈ 19 ግራም ብቻ የሚመዝን የዘመን መቁጠሪያ ይታያል፤ የዕይታውን ክፍል ያዘጋጀው ሰው ሁለቱን ማጣመሩ ዓዋቂነቱን ያሳያል።

ብራና የሚፋቅበትንና ቀለም የሚበጠበጥበትን አገር ለሚያውቅ ሰው፣ የቀለማቱ ማሳያ ከሐረጉና ከሥዕሉ ባልተናነሰ ያረካል። ዝነኛው የአርመን ቀይ ቀለም የሚገኘው በአራራት ሜዳ ሣር ሥር ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ሲሆን፣ ማዕድናቱና ሌሎቹ የቀለም ምንጮችም ለዕይታ ቀርበዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት በኪልቅያ የነበረው ሠዓሊ ቶሮስ ሮስሊን የተጠቀመባቸው ወርቅና ሰማያዊ ከዚህ ማሳያ በኋላ ሲታዩ ሌላ ናቸው። ሌላው ሳይታለፍ መነበብ ያለበት፣ ቁም ጸሐፊዎቹ በመጽሐፉ መጨረሻ የሚተዉት ማስታወሻ ትርጉም ነው፤ መጽሐፉ የት፣ መቼ፣ በማን ወጪ እንደተጻፈ ይናገራሉ፤ ስለ ረሃቡ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ብርዱ ያማርራሉ፤ ከዚያም አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስባቸው ይማጸናሉ። በግዕዝ መጻሕፍት ዳር «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» የሚለውን ልመና ለለመደ አንባቢ ይህ የባዕድ ድምፅ አይሆንም።

በማቴናዳራን ላይ የማቀርበው ቅሬታ ከአያያዙ ይልቅ ከመሠረቱ ጋር የተያያዘ ነው። የስብስቡ ዋና ክፍል ቀድሞ በኤጭሚያጺን መንበር የነበረ ሲሆን፣ ከሶቪየት ሥርዓት መምጣት በኋላ የመንግሥት ንብረት ሆኖ በ1939 ወደ የሬቫን ተዛውሯል። መጻሕፍቱ ከእሳትና ከዝናብ፣ ከሌባም ተጠብቀዋል፤ ነገር ግን ከቅዳሴና ከማኅሌት ተለይተዋል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙው ብራና እስከ ዛሬ ድረስ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ሆኖ በዕለት ተዕለት አገልግሎት ላይ ይውላል፤ ይነበባል፣ ይሳለማል፣ ሰም ይንጠባጠብበታል፣ ይሰረቃልም። የትኛው መንገድ እንደሚሻል በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉብኝት አይፈረድም፤ ሆኖም «ወንጌለ ቬሃሞር» የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ከሁለቱም መንገድ የተካፈለ ይመስለኛል። ይህን ወንጌል ለማቴናዳራን የሰጡት የአርመን ቤተ ክርስቲያን ርእሰ አባት (ካቶሊኮስ) ቀዳማዊ ቫዝገን ሲሆኑ፣ ስጦታውም ለእናታቸው መታሰቢያ ነበር። የነጻይቱ አርሜኒያ ፕሬዚዳንቶች ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት በእርሱ ላይ ነው። ካቶሊኮሱ በጥር 1965 በአዲስ አበባ በተካሄደው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ ከተገኙት አባቶች አንዱ መሆናቸውን ማስታወስ ለእኛ ተገቢ ነው።

ከማቴናዳራን ወደ ታች ሲወረድ በሪፐብሊክ አደባባይ የአርሜኒያ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ወደ 400,000 የሚደርሱ ዕቃዎች በስብስቡ ውስጥ ስላሉት በብዛት የሚስተካከለው የለም፤ ለጎብኚ ግን ከሁሉ አስቸጋሪው እርሱ ነው። እጅግ የታወቀው ቅርሱ በ2008 በቫዮጽ ጾር አውራጃ በአሬኒ ዋሻ የተገኘው የቆዳ ጫማ ነው። ዕድሜው 5,500 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከአንድ ወጥ የከብት ቆዳ ተቆርጦ በጠፍር የተጠለፈ፣ ለቀኝ እግር የተሠራና በአሁኑ የአውሮፓ ልክ 37 ቁጥር አካባቢ የሆነ ነው። ውስጡ ሣር ተጠቅጥቆበት ነበር። ከግብፅ ፒራሚዶች ቀድሞ የተሠራ ጫማ ማሰሪያው ሳይበጠስ እንዴት ቆየ ቢባል፣ መልሱ የዋሻው ደረቅነትና ቅዝቃዜ፣ ከሁሉም በላይ በላዩ ተከምሮ እንደ ክዳን ያሸገው የበግ በጠጥ ነው። በዚያው ዋሻ 6,000 ዓመት ያለፈው የወይን መጭመቂያና መጥመቂያ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ግን ከፊቱ የሚያየው ቡናማና የተጨማደደ ትንሽ ቆዳ ስለሆነ፣ ፎቅ ለመውጣት ሲጣደፍ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ወደዚህ ሙዚየም የሚሄድ ሰው አንድም አስቀድሞ ያንብብ፣ አንድም አስጎብኚ ይያዝ።

ከጫማው ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን በልቻሸን የተገኙት የእንጨት ጋሪዎችና ሠረገሎች ናቸው። የሴቫን ሐይቅ ውኃ በሶቪየት ዘመን ለመስኖና ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲቀነስ፣ ከውኃው የወጣው ዳርቻ ከነሐስ ዘመን የመቃብር ጉብታዎች ጋር ብቅ አለ፤ በ1950ዎቹ የተደረገው ቁፋሮም ከ3,000 ዓመታት በላይ የቆዩ፣ መንኮራኩራቸው ያልተለያየ ጋሪዎችን አወጣ። ሐይቁ በመጉደሉ የደረሰበት ጉዳት ከፍተኛ ነው፤ አርመኖችም ውኃውን መልሶ ከፍ ለማድረግ ለዓመታት ሲደክሙ ኖረዋል። አንዱ ጥፋት ሌላውን ቅርስ እንደገለጠ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየሁም። አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ጎብኚ ጫማውን፣ ጋሪዎቹንና የድንጋይ መስቀሎቹን አይቶ ቢወጣ ምንም አልቀረበትም፤ ሁሉን ላዳርስ ያለ ግን መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው ድካሙን ነው።

ስለ አስጎብኚ ካነሣሁ አይቀር፣ አገልግሎቱ ከቤት ቤት የተለያየ መሆኑን መናገር ይገባል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ በአንድ ሙዚየም የያዝነው አስጎብኚ የቃል ጥናቱን ያለ እረፍት ይወጣው ስለነበር፣ ለጥያቄ የተረፈ ጊዜ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ክፍያ ከመፈጸሜ በፊት ጉብኝቱ ምን ያህል እንደሚፈጅና በመካከል መጠየቅ ይፈቀድ እንደሆነ ማረጋገጥ ጀመርሁ፤ ልዩነቱም ወዲያው ታየኝ። የዕቃ መግለጫዎቹ በአብዛኛው በአርመንኛና በእንግሊዝኛ፣ በብዙ ቦታም በሩሲያኛ ይገኛሉ። የመግቢያ ዋጋ ከአውሮፓ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

በታሪክ ሙዚየሙ ሕንፃ ውስጥ ያለው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል ለባሕር ሠዓሊው ለአይቫዞቭስኪና ለማርቲሮስ ሳርያን ሲባል ሊታይ ይገባዋል። ሳርያንን የወደደ ሰው ግን የራሱን መኖሪያ ቤት ሙዚየም ለብቻው ቢያይ ይሻለዋል፤ ከታሪክ ሙዚየሙ በወጣ ዓይን ሥዕል ማየት ለሥዕሉም ፍትሕ አይሆንም።

ከከተማው መሐል ወጣ ብሎ፣ በአሪን በርድ ኮረብታ ግርጌ ያለው የኤሬቡኒ ሙዚየም በ1968 የከተማይቱ 2,750ኛ ዓመት ሲከበር የተከፈተ ነው። በ1950 የተገኘው የኩኒፎርም (የሽብልቅ ቅርጽ ፊደል) ጽሑፍ የጥንታዊው የኡራርቱ መንግሥት ንጉሥ ቀዳማዊ አርጊሽቲ ኤሬቡኒ የተባለውን ምሽግ ማሠራቱን ይናገራል፤ ዘመኑም 782 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። የሬቫኖች ከተማችን ሮምን በ29 ዓመት ትበልጣለች ማለት ይወዳሉ፤ ስሌቱ በአፈ ታሪክ የሚነገረውን የሮም ምሥረታ ዘመን ተቀብሎ የተሠራ ቢሆንም ኩራቱ አይከፋም። የንጉሡ ዜና መዋዕል 6,600 ሰዎችን ከሌሎች አገሮች አምጥቶ በዚያ እንዳሠፈረ ስለሚገልጽ፣ ከተማይቱ ከመነሻዋ በስደተኞች የተሞላች ነበረች። በኮረብታው ላይ ያለው ፍርስራሽ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ከግድግዳዎቹና ከሥዕሎቹ በርካታው በሶቪየት ዘመን የታደሰ ስለሆነ፣ ጥንታዊውን ከአዲሱ መለየት ለተራ ዓይን አይቀልም። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በቅድሚያ ሙዚየሙን አይቶ ቢወጣ ይበጀዋል።

የአርሜኒያ የዘር ማጥፋት ሙዚየም የሚገኘው በጺጸርናካበርድ ኮረብታ ላይ ነው። መታሰቢያው በ1967፣ ሙዚየሙም በ1995 ተከፍተዋል፤ መቶኛው ዓመት በታሰበበት በ2015 ሙዚየሙ ሰፍቶ እንደ አዲስ ተደራጅቷል። መግቢያው ነጻ ነው። 44 ሜትር ከፍታ ያለው ሹል ዓምድና ዘላለማዊውን እሳት የከበቡት 12 ዘንበል ያሉ ታላላቅ የድንጋይ ሰሌዳዎች ከላይ ሲታዩ፣ ሙዚየሙ ከመታሰቢያው ጋር እንዳይፎካከር ከመሬት በታች ተሠርቷል። የመረጠው አቀራረብ ሰነዶችን፣ የቴሌግራም ቅጂዎችን፣ የዲፕሎማቶችንና የሚሲዮናውያንን ምስክርነት፣ ፎቶግራፎችንም በተርታ ማስቀመጥ ነው፤ ጎብኚውን በሙዚቃ ወይም በድራማ ለማስለቀስ ከመሞከር ይህ እጅግ የተሻለ ነው። ፎቶግራፎቹ ለሕፃናት የሚሆኑ አይደሉም፤ ልጆች ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች ተራ በተራ ቢገቡ እመክራለሁ።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ስለ ወላጅ አልባ ሕፃናት የሚናገረው ክፍል የራሱ ትርጉም አለው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከጭፍጨፋው የተረፉ የአርመን ልጆች ማርሽ ባንድ ሲጫወት ሰምተው፣ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተዋል። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሲሆን፣ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በአዲስ አበባ ቴአትር ቤትና በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓዶች ላይ የማይፋቅ አሻራ ትቷል። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ ሥር በዚያ ኮረብታ ላይ ከሚታየው ታሪክ የበቀለ መሆኑን ይዞ የሚገባ ሰው፣ የሕፃናቱን ፎቶግራፎች እንደ ሩቅ ሕዝብ ታሪክ አያያቸውም።

ከዚህ ሙዚየም በኋላ በዚያው ቀን ሌላ ከባድ ነገር ማየት አይገባም፤ የሚገባው የፊልም አዘጋጁ የሰርጌይ ፓራጃኖቭ ሙዚየም ነው። ፓራጃኖቭ በ1924 በትብሊሲ ተወልዶ በ1990 በየሬቫን ያረፈ ሲሆን፣ በ1991 የተከፈተው ይህ ባለ ሰገነት ቤት የተሠራለት ቢሆንም ሳይኖርበት ሞቷል። ሆኖም በከተማይቱ ውስጥ ባለቤቱ አሁን ወጣ ያለ የሚመስል ቤት ቢኖር ይህ ነው። ከተሰባበረ ሸክላ፣ ከዳንቴል፣ ከአዝራር፣ ከአሻንጉሊት፣ ከአሮጌ ሻንጣ የሠራቸው ኮላዦች ግድግዳውን ሞልተውታል። በ1970ዎቹ የሶቪየት መንግሥት አስሮት በነበረ ጊዜ ፊልም መሥራት ሲከለከል፣ ከወተት ጠርሙስ የቆርቆሮ ክዳን ላይ በጥፍሩና በምስማር የሰዎችን ምስል ቀርጾ ሜዳሊያ ሠርቷል። እነዚህ ሜዳሊያዎች ትንንሽ ናቸው፤ የሙዚየሙ ክፍሎችም ትንንሽ ስለሆኑ ዕቃውን በቅርብ ማየት ይቻላል። በመስፈርቴ መሠረት ከማቴናዳራን ቀጥሎ የማስቀምጠው ይህን ቤት ነው።

ከየሬቫን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ያለው ኤጭሚያጺን ሙዚየም ብቻ ስላልሆነ በሙዚየም ሚዛን ልመዝነው አልፈልግም። ከአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ የኖረው ካቴድራል ለዓመታት ከዘለቀ እድሳት በኋላ በመስከረም 2024 ዳግም ተባርኮ ተከፍቷል። በመንበሩ ንዋያተ ቅድሳት መካከል የጌታን ጎን የወጋው ነው የሚባለው ጦር፣ ከኖኅ መርከብ ነው የሚባል የእንጨት ቁራጭ፣ በየሰባት ዓመቱ ሜሮን ሲባረክ የሚወጣው የቅዱስ ጎርጎርዮስ አብርሆተ አርመን ቀኝ ክንድ ማኅደርም ይገኛሉ። ለእኛ ምእመናን የሚገርመው ጫማ አለመወለቁ ነው፤ በምትኩ ሲወጡ ለመሠዊያው ጀርባ ላለመስጠት ወደ ኋላ እየሄዱ ይወጣሉ። ቅርሱ ከአገልግሎት ስላልተለየ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ ማየቱ የተሻለ ነው።

በዕቅድ ረገድ ሁለት ነገሮች ይጠበቁ። አብዛኞቹ የየሬቫን ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ማቴናዳራን ደግሞ እሑድም ስለሚዘጋ፣ ቅዳሜ ማታ የሚደርስ ጎብኚ እስከ ማክሰኞ ድረስ መታገሥ ይኖርበታል። ፎቶ የማንሣት ደንብም ከቤት ቤት ስለሚለያይ በሩ ላይ መጠየቅ ይገባል። በዱባይ የሚኖሩ ወገኖች በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚርቁ ከአዲስ አበባ ከሚነሣው ይልቅ ይቀላቸዋል፤ የቪዛው ደንብ ግን እንደ መኖሪያ ፈቃዱ ሊለያይ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥ በፊት ይጣራ። ለማክሰኞ ማቴናዳራንንና ከሰዓት በኋላ ታሪክ ሙዚየሙን፣ ለረቡዕ ኤሬቡኒን ከሳርያን ቤት ጋር፣ ለሐሙስ ጺጸርናካበርድንና ፓራጃኖቭን መድቦ፣ አሬኒን ለማየት ደግሞ ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ አንድ ሙሉ ቀን መተው ያስፈልጋል፤ ዋሻው ለጎብኚዎች ክፍት ነው፣ በመንደሩም የአካባቢው ወይን ጠጅ በየቤቱ ይሸጣል።